ለማይታወቅ ሰው ስለ ተተወ መጽሐፍ

መጽሐፍ እንደ እንጀራ አይደለም። እንጀራን አንዱ ከበላው ለሌላው አይተርፍም፤ መጽሐፍ ግን አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ካነበበው በኋላ ለሁለተኛውም ለመቶኛውም አንባቢ ሳይጎድል ይቆያል። መጽሐፉን ለሌላ የሰጠ ሰውም ያነበበው ነገር በልቡ ስለሚቀር ባዶውን አይቀርም። ይሁን እንጂ በብዙዎቻችን ቤት የሚሆነው ሌላ ነው። መጽሐፉ አንድ ጊዜ ይነበባል፤ ከዚያ ወዲያ በሣጥን ውስጥ ወይም በአልጋ ሥር ይቀመጣል፤ አቧራ ይለብሳል፤ በጫሞ ሐይቅ ዳር እንዳለው ባለ ሙቅ አገርም ምስጥ ያገኘዋል። ባለቤቱ «መጽሐፍ አለኝ» ይላል፤ የሚበላው ግን ምስጡ ነው።

ልጆች ሆይ፥ በዚህ ትምህርት የምናየው ያነበቡትን መጽሐፍ ሰው በሚመላለስበት ስፍራ ትተው ስለሚሄዱ ሰዎች ነው። ትተው አልሁ እንጂ ጥለው አላልሁም። የጣለ ሰው ስለ ነገሩ መጨረሻ አያስብም፤ የተወ ሰው ግን የሚያገኘውን ሰው እያሰበ ስፍራ መርጦ ያኖራል። በአሜሪካ አገር ሮን ሆርንቤከር የሚባል ሰው በ1993 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ዓመት፥ ለዚህ ልማድ ሥርዓት አበጀለት። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩም በመጽሐፉ ውስጥ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ መጽሐፉን በባቡር ጣቢያ፥ በመናፈሻ ወንበር ላይ፥ በቡና ቤት ወይም በሐኪም ቤት ደጅ ይተወዋል። ያገኘው ሰው የት እንዳገኘው በኢንተርኔት በተከፈተው መዝገብ ላይ በዚያ ቁጥር ሥር ይጽፋል፤ አንብቦም ሲጨርስ እርሱ በተራው በሌላ ስፍራ ይተወዋል። እንዲህ ሆኖ መጽሐፉ ከከተማ ወደ ከተማ፥ አንዳንድ ጊዜም ባሕር ተሻግሮ ከአገር ወደ አገር ይሄዳል። በዚህ መዝገብ የተጻፉት መጻሕፍት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል።

የእኛ አገር የጥንት ጸሐፊዎች ይህን ወሬ ቢሰሙ ምን ባሉ ነበር? በብራና ዘመን አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይነከራል፤ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ይፋቃል፤ ይደርቃል፤ ይሰመራል። ጸሐፊው በመቃ ብዕር ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም እየነከረ አንዱን ፊደል ከአንዱ ለይቶ ይጽፋል። ትልቅ መጽሐፍ ብዙ ቆዳና ብዙ ወር ይፈልጋል። ሲያልቅም በቆዳ ማኅደር ተከትቶ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በብዙዎቹም የብራና መጻሕፍት ላይ፥ ይህን መጽሐፍ የሰረቀ ወይም የፋቀ ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል የግዝት ቃል ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ ይህን የሚያነብ ልጅ «ስለ አንድ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ግዝት ለምን?» ይል ይሆናል። ምክንያቱ ንፉግነት አይደለም። ያ መጽሐፍ ቢጠፋ በቦታው የሚተካ ሌላ መጽሐፍ በአገሩ ሁሉ ላይገኝ ይችል ነበር፤ መጽሐፉን መጠበቅ ማለት በዙሪያው ያሉትን ተማሪዎች ሁሉ መጠበቅ ነበር። ኋላ ግን ማተሚያ መጣ። በ1914 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ ጸሐፊ ዓመት ይደክምበት የነበረውን መኪናው ብዙ አድርጎ ያወጣው ጀመር። የመጽሐፍ የመጀመሪያው ገጽ በፊት «አትውሰድ» ይል ነበር፤ ዛሬ «ውሰድ» ሊል የቻለው የዛሬ ሰው ከፊተኞቹ ይልቅ ደግ ስለ ሆነ አይደለም፤ ማተሚያ ስላለው ነው። ይህን ማወቅ ከትዕቢት ይጠብቃል።

አሁን በሐሳባችን አንድ ልጅ እናቁም። ልጁ የጨንቻ ልጅ ነው እንበል። ከእናቱ ጋር ከደጋው፥ እንሰትና ገብስ ከሚበቅልበት ተራራ፥ 37 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወርዶ ሙዝና ማንጎ ወደሚበቅልበት ወደ አርባ ምንጭ መጣ። በሲቀላ መናኸሪያ አውቶቡስ ሲጠብቁ በአግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ አንድ መጽሐፍ ተቀምጦ አየ። በአጠገቡ ሰው የለም። ይህ ልጅ በቤቱ የተማረው ያልሰጡትን ነገር እንዳይነካ ነው፤ ይህም መልካም ትምህርት ነው። ስለዚህ እጁን ሰብስቦ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፥ ይህ መጽሐፍ ባለቤት የለውምን?»

«ባለቤት የሌለው ዕቃ የለም፤ የረሳው ሰው ይመለስ ይሆናል። እስኪ ጠብቅ» አለችው።

ጠበቁ፤ ማንም አልመጣም። ሻይ የምታፈላውን ሴት ጠየቁ፤ እርስዋም የኔ አይደለም አለች። ከዚህ በኋላ ልጁ ሽፋኑን ገለጠ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም በእጅ የተጻፈ ቃል አገኘ። እናቱ ፊደል አልቆጠረችምና «አንብብልኝ» አለችው። እርሱም አነበበላት፤ «ይህ መጽሐፍ አልጠፋም። እኔ አንብቤ ለአንተ ተውሁት። አንተም አንብበህ ለሌላ ሰው ተወው» ይላል። እናቲቱ ጥቂት ዝም ብላ «እንግዲያስ ውሰደው፤ ነገር ግን ያንተ አይደለም። ሳትቀድድ ለሚመጣው ሰው አድርስ» አለችው።

ይህች ሴት መጽሐፍ ሳታነብ የነገሩን ሥር አገኘችው። ያ ልጅ ሌባ አይደለም፤ ተፈቅዶለታልና። ባለቤትም አይደለም፤ እንዲያስተላልፍ ታዟልና። እርሱ አደራ ተቀባይ ነው። የተለመደው አደራ ግን ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ነው፤ ሰጪው አንድ ቀን መጥቶ «አደራዬን» ይላል፤ ተቀባዩም ያንን ቀን ስለሚፈራ ዕቃውን ይጠብቃል። የመጽሐፉ አደራ ሰጪ ፊት የለውም፤ መጥቶም አይጠይቅም። ልጁ መጽሐፉን ቢቀድደው፥ ቢሸጠው፥ በጣራ ሥር ሰክቶ ቢረሳው የሚከስሰው ዳኛ አይገኝም። ማንም በማይጠይቀው ነገር ሰው እንዴት እንደሚሆን የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በመጽሐፉ ላይ ምንም ጽሕፈት ባይኖር ኖሮ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያን ጊዜ የጠፋ ዕቃ ነውና ለመናኸሪያው ሹም ወይም በስፍራው ውሎ ለሚያድር የታመነ ሰው መስጠት ይገባል።

ለጋሞ ልጆች ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንባቸው አይገባም። በጋሞ አገር ዱቡሻ የሚባል የአደባባይ ስፍራ አለ፤ ሽማግሎችና ሕዝቡ ተሰብስበው ስለ ጋራ ጉዳይ የሚመክሩበት፥ የተጣሉትንም የሚያስታርቁበት ነው። ዱቡሻ የአንድ ሰው ጓሮ አይደለም፤ የሁሉ ስለ ሆነ ግን የማንም እንዳልሆነ ነገር አይናቅም፤ እንዲያውም ከግል ጓሮ ይልቅ ይከበራል። የሁሉ የሆነውን ነገር እንደ ተጣለ የሚቆጥር ሕዝብ ወንበርም መንገድም መጽሐፍም አይበረክትለትም።

የዶርዜን ሸማኔም ተመልከቱ። እግሩን በጉድጓድ ውስጥ አድርጎ፥ ሴቶች የፈተሉትን ድርና ማግ ይዞ፥ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲወረውር ይውላል። የሠራው ሸማ ተሸጦ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ፥ ሽሮ ሜዳ ገበያ ይደርሳል፤ ማን እንደሚለብሰው ሸማኔው አያውቅም። የሚለብሰውን አላውቀውም ብሎ ግን ማጉን አያሳሳም። እርግጥ ሸማኔው ዋጋውን ይቀበላል፤ መጽሐፍ የተወ ሰው ግን ዋጋ አይቀበልም። ስለዚህ መጽሐፍ መተው ከሽመና ይልቅ ይከብዳል ልንል እንችላለን።

እንዲህም ሲሆን አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መጽሐፍ በሞላበት አገር ሰው የተረፈውን ይተዋል፤ መጽሐፍ ውድ በሆነበት አገር ግን መተው ማባከን አይሆንምን? በገበያ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ቆሎውን በምን እንደምትሰጣችሁ ታውቃላችሁ። አሮጌ ደብተርና አሮጌ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ይቀደዳል፤ እንደ ቀንድ ይጠቀለላል፤ ቆሎ ይሞላበታል። ልጁ ቆሎውን ቆርጥሞ ወረቀቱን ሲዘረጋ የአንድ ታሪክ እኩሌታ ያገኛል። ንጉሡ ልጁን ጠርቶ እንዲህ አለው ይልና ወረቀቱ ያልቃል፤ ንጉሡ ያለውን ነገር ሌላ ልጅ ቆሎ በልቶበታል። ሴቲቱን አልወቅሳትም፤ ወረቀቱን በገንዘብዋ ገዝታ ልጆችዋን የምታሳድግበት ነው። ነገር ግን በገበያ መካከል ያለ ጠባቂ የተተወ መጽሐፍ መጨረሻው ይህ ሊሆን እንደሚችል መጽሐፉን የሚተወው ሰው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የአገሩንም ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ በሚያዝያና በግንቦት፥ ደግሞም በመስከረምና በጥቅምት። በነዚህ ወሮች በሜዳ ወንበር ላይ የተተወ መጽሐፍ በማግሥቱ ሊጥ ሆኖ ይገኛል። በአርባዎቹ ምንጮች ጫካ አጠገብ የተተወውንማ ከሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ዝንጀሮ ነው፤ ዝንጀሮም ገጹን በጣም ፈጥኖ ይገልጣል፤ የሚያነብ ግን አይመስለኝም።

እንግዲህ ምን ይሻላል? በእኔ አሳብ በአገራችን መጽሐፍን በባዶ ስፍራ ሳይሆን በሰው ዓይን ሥር መተው ይሻላል። በሻይ ቤት ጠረጴዛ፥ በጠጉር ቆራጭ ቤት፥ በጤና ጣቢያ ሰው ተራ በሚጠብቅበት ክፍል፥ ባለቤቱን አስፈቅዶ መተው ነው። በነዚህ ስፍራዎች ሰው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ጣራም አለ፤ መጽሐፉ ለቆሎ እንዳይሄድ የሚያይ ሰውም አለ። ባለ ሻይ ቤቱም የሚጠላው አይመስለኝም፤ መጽሐፍ የያዘ ደንበኛ ሁለተኛ ሻይ ያዛልና።

በአሜሪካም አንድ ሰው ይህን የጣራ ነገር አስቦበታል። ቶድ ቦል ይባል ነበር፤ ዊስኮንሲን በሚባለው ግዛት ሃድሰን በምትባል ከተማ ይኖር ነበር። እናቱ አስተማሪና መጽሐፍ ወዳድ ነበረች። እርስዋ ከሞተች በኋላ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ዓመት፥ ለመታሰቢያዋ ከአሮጌ እንጨት የትንሽ ትምህርት ቤት መልክ ያላት ሣጥን ሠርቶ፥ መጻሕፍት ሞልቶ፥ በደጁ አቆማት። ያለፈ ያገደመ ሁሉ አንዱን እንዲወስድ፥ ቢኖረውም በፈንታው አንዱን እንዲያኖር ፈቀደ። ጎረቤቶቹ አይተው እኛም እንሥራ አሉ፤ ነገሩም እየተስፋፋ ሄዶ ቶድ ቦል በ2018 ሲሞት እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በብዙ አገሮች ከ75 ሺህ በላይ ሆነው ነበር። ሣጥኒቱ በር አላት፤ ቁልፍ ግን የላትም። በሩ ለዝናብ ነው እንጂ ለሰው አይደለም።

የእኛም አገር ሰው የሠራው አለ፤ እርሱ ደግሞ ከመተው ይልቅ ማድረስን መረጠ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከትምህርት መጽሐፍ ሌላ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነበር። ይህንን ዕድሜ ልብ በሉ፤ እናንተ ይህን የምታነቡት ገና እኩሌታውን እንኳ ሳትደርሱ ይሆናል። ኋላ ደርግ ይገዛ በነበረበት ዘመን ተሰደው ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማም የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ። በዚያ የብዙ ሕዝብ ቋንቋ ሲነበብ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ግን አጡ። ከዚህ በኋላ የሚሠራ ማኅበር መሥርተው፥ በስጦታ የተሰበሰቡ 15 ሺህ ያህል መጻሕፍት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1995 ዓ.ም.ም በአዲስ አበባ ሾላ የተባለ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ኋላም በሐዋሳ ከተማ አህያ የሚጎትተው ጋሪ በመጻሕፍት ተሞልቶ ወደ ልጆች ሰፈር ይሄድ ጀመር። ጋሪው በዛፍ ጥላ ሥር ይቆማል፤ ልጆች እየሮጡ ይመጣሉ፤ መርጠው ያነብባሉ፤ ከዚያም መልሰው ያኖሩታል። አህያ በአገራችን ስንት ዘመን እህልና ጨው ስትሸከም ኖራለች፤ መጽሐፍ ተሸክማ ልጆች ሲሮጡላት ግን ከእህሉ ይልቅ የከበረ ጭነት እንደ ያዘች ሳይሰማት አይቀርም። አቶ ዮሐንስ መጽሐፉን ለማይታወቅ አላፊ አግዳሚ አልተዉም፤ ልጁ ወዳለበት ወሰዱ እንጂ። መጽሐፍ በጣም በጠፋበት ስፍራ ይህኛው መንገድ ይበልጣል፤ ነገር ግን ጋሪና አህያ፥ ጠባቂና ገንዘብ ይፈልጋል። አንድ መጽሐፍ በሻይ ቤት መተው ግን አንድ ልጅ ብቻውን ሊያደርገው ይችላል።

ሊያደርግ የሚወድ ልጅ ቢኖር አስቀድሞ መጽሐፉ የማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት መጽሐፍ የአንተ አይደለም፤ እርሱን በመናኸሪያ መተው ቸርነት መስሎ ሌብነት ይሆናል። የአባትህንም መጽሐፍ ሳይፈቅድ አትተው። በሌላ ሰው ዕቃ ደግ መሆን በጣም ቀላል ነው። ከዚህም ሌላ የተገነጠለውን፥ ገጹ የጎደለውን፥ ዘይት የፈሰሰበትን መጽሐፍ መርጦ «ይህስ ለማላውቀው ሰው ይበቃዋል» ማለት አይገባም። የሚያገኘው ሰው በሕይወቱ የሚያነበው የመጀመሪያው መጽሐፍ እርሱ ሊሆን ይችላል። ቋንቋውንም ማሰብ ነው፤ በጋሞ አገር ትንንሾቹ ልጆች ንባብ የሚጀምሩት በጋሞኛ ነውና፥ በጋሞኛ የተጻፈ መጽሐፍ ያለው ሰው እርሱን ቢተው የሚያነብ አያጣም።

አንድ ነገር ደግሞ መሸከም ያስፈልጋል፤ ዝምታን። አሜሪካዊው ባቋቋመው መዝገብ ላይ እንኳ፥ ቁጥርና መመሪያ ተጽፎባቸው ሳለ፥ ከተተዉት መጻሕፍት የአብዛኞቹ ወሬ ተመልሶ አልተሰማም። ማን እንዳገኛቸው፥ ማን እንዳነበባቸው፥ ማን እንደ ቀደዳቸው አልታወቀም። ልቡ ምስጋና የሚጠብቅ ልጅ በየቀኑ ወደ ሻይ ቤቱ እየተመለሰ «መጽሐፌን ማን ወሰደው? ምን አለ?» ይላል፤ አንድ ሳምንት ሳይሞላም መተዉን ይጸጸታል። እንዲህ ያለው ልጅ መጽሐፉን ለሚያውቀው ጓደኛው ቢያውሰው ለእርሱም ለመጽሐፉም ይሻላል። ማዋስም ትንሽ ነገር አይደለም።

የጽሕፈቱ ሥራ ቀላል ነው። በሽፋኑ ውስጥ በኩል በጥሩ እጅ፥ ትንንሽ ልጅ ሊያነበው በሚችል ፊደል፥ መጽሐፉ እንዳልጠፋና ለአንባቢ እንደ ተተወ ይጻፋል። የሰው ስምና የቤት ምልክት መጻፍ አያስፈልግም። ከዚያ በታች የተተወበት ስፍራና ወር ይጻፋል፤ የሚቀጥለውም አንባቢ የራሱን ስፍራና ወር ከሥሩ ይጨምራል። ያ የጨንቻ ልጅ መጽሐፉን አንብቦ ከጨረሰ፥ ከመናኸሪያው ቃል በታች «ጨንቻ፥ ጠጉር ቆራጭ ቤት፥ ኅዳር» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሸማኔ አንሥቶት በመንገድ ያነበው፥ «ሽሮ ሜዳ፥ ጥር» ብሎም ይጨምርበት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጽፈው ሰው ቃሉን አሳጥሮ፥ የቀረውን ገጽ ባዶ ይተወው።